ለሙሽራዪቱ የተጠበቀው ድምፅ

አንዲት ሴት በጥር ፀሐይ፣ በራፏ ላይ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን በወፍራም ሻሽ ጠቅልላ ነበር። ብርድ የለም። ሕመምም የለባትም። ታዲያ ሰው በዚያ ፀሐይ አንገቱን ስለ ምን ይጠቀልላል?

ድምፅዋን እየጠበቀች ነበር።

ይህች ሴት ይመናሹ ትባላለች። በመንገድ ዳር ባለች በአንዲት ትንሽ ከተማ የምትኖር ሙሾ አውራጅ ናት። ሰው ሲሞት ትጠራለች። ከለቀስተኛው መካከል ትቆምና የሟቹን ስም፣ ያባቱን ስም፣ የሠራውን፣ የወደደውን፣ የደከመበትን ሁሉ በግጥም ታወርዳለች፤ ሌላው ይቀበላታል። እርሷ ስታወርድ የማያለቅስ አልነበረም። ከሟቹ ጋር በወሰን ተጣልቶ የኖረ ጎረቤት እንኳ ነጠላውን ፊቱ ላይ ይጥል ነበር።

አባቶች ከልክ ያለፈ ልቅሶን እንደማይወዱ ታውቃላችሁ። የዛሬው ነገራችን ስለዚያ አይደለም። በዚያች ከተማ ግን አንድ ሰው ከነስሙና ከነሥራው ተጠርቶ ካልተለቀሰለት፣ በምድር ላይ እንዳልኖረ ይቆጠር ነበር። ይህን በልባችሁ ያዙት።

ይመናሹ በሥራዋ የተከበረች ነበረች። ነገር ግን መከበርና መወደድ አንድ አይደሉም። በሽተኛ ልትጠይቅ ስትገባ በሽተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በገበያ መንገድ ሰላም ስትል፣ ሰዉ ሳትጠይቀው «ደኅና ነን፣ ሁላችንም ደኅና ነን» ብሎ ያልፋል። ወደ ሠርግ የሚጠራትማ የለም። ሙሽራ ፊት አልቃሽ አይቆምም ይሉ ነበር። እርሷም የሠርግ ከበሮ ከሩቅ ስትሰማ ደጇን ዘግታ ትቀመጣለች።

ከአንድ ሰው በቀር የሚቀርባት አልነበረም። ግድግዳ የምትጋራት ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ነበረች። ደብሪቱ ይመናሹን ፈርታት አታውቅም። አንድያ ልጇ ወርቅነህ ገና ሕፃን ሳለ ኩፍኝ ይዞት ሲያቃስት፣ ይመናሹ በር ላይ መጥታ ለመግባት አፍራ ቆመች። ደብሪቱ አየቻት።

«ምን ቆመሻል? ግቢና እቀፊልኝ እንጂ፤ እጄ ዝሏል» አለቻት።

ገባች። አቀፈችው። ልጁም ዳነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወርቅነህ የሁለት እናቶች ልጅ ሆነ ማለት ይቻላል። አድጎ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ እጮኛ አግኝቶ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ሲቆረጥ፣ ደብሪቱ ማንም ያላደረገውን አደረገች። በልጇ ሠርግ ላይ እንድትዘፍን ይመናሹን ጠራቻት።

«ሰዉ ምን ይልሻል?» አለች ይመናሹ።

«ሰዉማ ምንጊዜም ይላል። አንቺ አቅፈሽ ያዳንሽውን ልጅ ሌላ ማን ይዘፍንለታል?»

ይህ የሆነው በኅዳር ነው። በታኅሣሥ ግን ወሬ መጣ።

ንጉሡ ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሙሽራዪቱ ከሩቅ አገር ትመጣለች። ወደ መናገሻው የምትሄደውም በዚያች ትንሽ ከተማ በኩል አልፋ ነው። ቀኑም ጥር ሃያ ነው።

ወገኖቼ፣ ንጉሥ በማያልፍባት ከተማ የንጉሥ ምራት ልታልፍ ነው ሲባል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ሥራ ይቆማል። ወሬ ሥራ ይሆናል።

በከተማዋ አንድ ስልክ ቤት ነበር፤ ስልከኛው ክንፈ ይባላል። የሰማውን መናገር ክልክል ነው። ስለዚህ አይናገርም፤ ራሱን ይነቀንቃል። ሰዉ ጠዋት ጠዋት በደጁ ይሰበሰብና ይጠይቀዋል፤ እርሱ ራሱን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ያደርጋል። ከዚያች አንገት ስንት ወሬ እንደ ወጣ እግዚአብሔር ይወቀው።

«ሙሽራዪቱ ቀይ ናት አሉ።»

«ማን አለ?»

«ክንፈ።»

«ክንፈ መልኳን በሽቦ አየው?»

«ሃያ ቋንቋ ትናገራለች አሉ።»

«ለምኗ ነው? ባሏን በሃያ ቋንቋ ልትሳደብ?»

«ሳቁ እናንተ። የምትመጣበት መኪና እንደ ቤት ሰፊ ነው። ውስጡ አልጋ አለው።»

«ክንፈ፣ አልጋ አለው?»

ክንፈም ነቀነቀ። ያንን ንቅነቃ አትርሱት።

አንዱ የሙሽራዪቱ አባት ራስ ናቸው ሲል ሌላው ደጃዝማች ናቸው አለ። አንዷ ፍንጭት ናት ስትል ሌላዋ ጉንጯ ስርጉድ ነው አለች። በስሟ ግን ሰዉ ጭራሽ አልተስማማም። አምስት ስም ወጣላት። ሁለት ሴቶች በስሟ ምክንያት ተጣልተው ውኃ መቅጃቸውን እንኳ ለዩ። ሙሽራዪቱ የእነርሱን ከተማ ስም ታውቅ እንደ ሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የከተማው ሹም ከሌላ አገር ተሹመው የመጡ ሰው ነበሩ። ይመናሹን ሰዉ እንደሚፈራት አያውቁም። ድምፅዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነሥቶ ከወንዙ ማዶ እንደሚሰማ ብቻ ያውቃሉ። አስጠሯት።

«ወይዘሮ ይመናሹ፣ ሙሽራዪቱ ስታልፍ ከሴቶቹ ፊት ሆነሽ የምትዘፍኚው አንቺ ነሽ። የከተማዋ ስም ባንቺ ነው። ድምፅሽን ጠብቂ።»

እንዴት ብላ ወደ ቤቷ እንደ ተመለሰች አታውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሞት ደጅ ቆማለች። አሁን በደስታ ደጅ ልትቆም ነው። ከእንግዲህ በመንገድ ላይ ሲያገኟት «ደኅና ነን» ብለው አይሸሿትም። «ለንጉሡ ምራት የዘፈነችው» ይሏታል። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ይህን ስም ብቻ ነው የፈለገችው። ይህን ስም መፈለግ ኃጢአት ነው? አይደለም። ሰው ነበረች።

ዘፈኑን ገጠመች። እንዲህ ይል ነበር፦

እሰይ መጣችልን፣ … መጣችልን፤
ጉም በከበበው ደጅ ፀሐይ ወጣችልን።

በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ የሙሽራዪቱ ስም የሚገባበት ነው። ስሟን ለማወቅ ስልክ ቤት ሄደች።

«አቶ ክንፈ፣ መልኳን አልጠይቅህም። ስሟን ብቻ ንገረኝ።»

«እትዬ ይመናሹ፣ በሽቦው ላይ ‹እመቤቲቱ› ነው የሚሏት። ሌላ ብሰማ ላንቺ እነቀንቅልሽ ነበር።»

ስሙ እስኪገኝ ቦታውን ባዶ ተወችው። ለደብሪቱ ልታሰማት ሄደች፤ ድምፅዋን እንዳትጎዳ በሹክሹክታ አለችላት።

ደብሪቱ ሳቀች። «ለእነርሱ ዘፍነሽ ስትመለሺ ለእኔም ልጅ ትዘፍኛለሽ። ለእኛ የተረፈሽ ይበቃናል።»

ይመናሹ ተቆጣች። «ለወርቅነህ የተረፈ አልሰጥም» አለች።

ልብ በሉ። ይህን ቃል ከአፏ ያወጣችው ራሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ይመናሹ አንገቷን ጠቀለለች። ጠዋት ማርና ተልባ ትጠጣለች። ቀዝቃዛ አትጠጣም፤ ጭስ ያለበት አትቀመጥም። በቤት ውስጥ በእጇ ምልክት ብቻ ትነጋገራለች። ባሏ ባሻ ዘርጋው ቀልደኛ ሰው ነበርና፣ «ሠላሳ ዓመት ስለምነው የኖርኩትን ጸጥታ ንጉሡ በአንድ ቀን ሰጡኝ» እያለ ጎረቤቱን ያስቅ ነበር። ማንም ቢሞት ድምፅዋን እንደማታወጣ ለሰው ሁሉ ተነገረ። አንድ ትልቅ ልቅሶ ካወረደች ድምፅዋ ለሁለት ሳምንት ሻክሮ ይቀራልና። ሰዉም ተስማማ። «እስከ ጥር ሃያ ማንም እንዳይሞት» ብለው ይሳሳቁ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሹሙ፣ ከየቤቱ አንድ ሰው ዶማ ይዞ ወደ ቁልቁለቱ ይውጣ፣ ለመኪናው መንገዱ ይስፋ ብለው አዘዙ። ያዘዙት ሁለት ክንድ ብቻ ነው። ሰዉ ግን መኪናው እንደ ቤት ሰፊ መሆኑን ሰምቷል። ስልከኛውም ነቅንቋል። እመቤቲቱ በእኛ አገር መንገድ ጠቧት ብትመለስስ? ስማችን ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ ሁለቱ ክንድ አራት ሆነ። ማንም ሳያዛቸው የተራራውን ሥር ወደ ውስጥ ቆፈሩት።

ከደብሪቱ ቤት የሚወጣ ሰው ወርቅነህ ብቻ ነበር።

ጥር ስምንት ቀን፣ ከቀትር በፊት፣ ያ የተቦረቦረ ገደል ተናደ። ከሥሩ አራት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱ ሮጡ። ወርቅነህ ከናዳው በታች ቀረ። ቆፍረው ሲያወጡት ዶማውን እንደ ያዘ ነበር።

ይመናሹ የደብሪቱን ጩኸት በግድግዳው በኩል ሰማች። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ሻሹን ልትፈታ ነው? አዎ፣ ልትፈታ ነበር። ጣቶቿ ቋጠሮው ላይ ደርሰዋል። በዚያን ጊዜ ከሹሙ ዘንድ አንድ መልእክተኛና ሁለት የከተማው ሽማግሌዎች እየተጣደፉ ገቡ።

«እትዬ ይመናሹ፣ ኀዘኑ የሁላችንም ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ግን የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው። አሁን ብታወርጂ ለሙሽራዪቱ ማን ይዘፍናል? ደብሪቱም ብትሆን ይህን ታውቃለች። ትረዳለች።»

ትረዳለች። ስንቱን ሰው በዚህች ቃል ቀበርነው?

ሲወጡ ባሻ ዘርጋው በዚያ ቀን አልቀለደም። «ይመናሹ፣ ደብሪቱ ናት እኮ» አላት።

እርሷም በሹክሹክታ፣ «አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው» አለችው።

ሰውየው ኮቱን ለብሶ ብቻውን ወደ ልቅሶው ሄደ።

እርሷም በኋላ ሄደች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ አፏን ሸፍና ከሴቶቹ መካከል ገባች። በዚህ ልቅሶ ላይ ድምፄን እየጠበቅሁ ነው ማለት ስላሳፈራት፣ ለጠየቋት ሁሉ ጉሮሮዋን እያሳየች እንደ ታመመች በእጇ ነገረች።

ወገኖቼ፣ በልቅሶ ላይ አንድ ጊዜ አለ፤ አይታችሁታል። ሰዉ ሁሉ ይጮኻል፣ ደረቱን ይመታል፣ ከዚያ በአንድ ላይ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ባዶ አይደለም። አውራጇን የሚጠብቅ ዝምታ ነው። በዚያች ከተማ ሠላሳ ዓመት ያ ዝምታ የይመናሹ ቦታ ነበር።

ዝምታው መጣ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ደብሪቱም ዞረች። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ደግፈዋት፣ ይመናሹን አየቻት። አልለመነችም፣ አልተቆጣችም። ጠበቀቻት።

ይመናሹ ግጥሙ ነበራት። ሳትፈልግ በልቧ መጥቶላት ነበር። ኩፍኙ፣ ያቺ ያቀፈችው ቀን፣ እናቱን ከወንዝ ውኃ አላስቀዳም ብሎ እንስራ ሲሸከም የሳቁበት፣ ለእጮኛው ከገበያ የገዛው ሻሽ፣ ከእጁ ያልወጣው ዶማ፣ ሁሉም መጥቶላት ነበር። እርሷ ካላለችው ማን ያውቀዋል? ከንፈሯ ተላቀቀ። ጥር ሃያ ትዝ አላት። ከንፈሯ ተመልሶ ተገጠመ።

ቀና ብላ ስላላየቻት ደብሪቱ ምን ያህል እንደ ጠበቀች አታውቅም።

ከወንዝ ማዶ የመጡ አንዲት አሮጊት ሞከሩ። ልጁን አያውቁትም። አንበሳ ገዳይ አሉት፤ ወርቅነህ አንበሳ በዓይኑ አላየም። ያባቱንም ስም ሳቱ። ሰዉ አፍሮ ወደ መሬት አየ። በዚህ ጊዜ እናቲቱ ራሷ ከደገፏት ሴቶች እጅ ወጣች። በተሰነጠቀ ድምፅ፣ ዜማውንም ሳታገኘው፣ እንዲህ አለች፦

መንገድ ጥረግ ብለው ወሰዱት ልጄን፤
ለሰው ሙሽራ ሲል ዘጋብኝ ደጄን።

ሌላ አልቻለችም። እናት በገዛ ልጇ ሙሾ ስታወርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እግዚአብሔር አያሰማችሁ። የሚቀበላት እንኳ ጠፋ። እንዲሁ አንሥተው ወሰዱት። ወርቅነህ በዚያች ከተማ ስሙና ሥራው ሳይጠራ የተቀበረ ጎልማሳ ሆነ።

ጥር ሃያ ደረሰ።

ከማለዳ ጀምሮ ሰዉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰለፈ። ወርቅነህ በሞተበት ቁልቁለት ላይ ሣር አነጠፉ። ይመናሹ ነጭ በነጭ ለብሳ ከሴቶቹ ፊት ቆመች። ሻሹን ፈታች። ድምፅዋ ጠራ ያለ፣ ሙሉ፣ አንድም ነገር ያልጎደለበት ነበር። ስሙ ግን እስከ መጨረሻው አልተገኘም። በባዶው ቦታ «እመቤቴ» ልትል ወሰነች።

ከቀትር በኋላ ከሩቅ አቧራ ታየ። ሦስት መኪናዎች ነበሩ። ልጆች ጮኹ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ሹሙ ጎንበስ አሉ። ይመናሹም አፏን ከፍታ፣ «እሰይ መጣችልን…» አለች።

መኪናዎቹ አልቆሙም። ፍጥነትም አልቀነሱም። የሞተሩ ድምፅ የእርሷን ድምፅ ዋጠው። በሦስቱም መኪና መስኮቶች ላይ መጋረጃ ተጋርዷል። አቧራው ተነሥቶ አፏ ውስጥ ገባ፤ ሳለች። ቀና ስትል መኪናዎቹ ማዶውን ይዘዋል።

ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው «አቡነ ዘበሰማያት» ደግሞ በሚጨርስበት ጊዜ ውስጥ ነው።

እንደ ቤት ሰፊ ናቸው የተባሉት መኪናዎች ደግሞ ጠባቦች ነበሩ። በድሮው መንገድ እንኳ ያልፉ ነበር። ይህን ሁሉም አየ፤ ማንም ግን አልተናገረም።

ምን ተናገሩ መሰላችሁ? አቧራው ሳይበርድ፣ «ፊተኛው ውስጥ ነበረች» «የለም፣ መካከለኛው ውስጥ ናት፤ እጇን አይቻለሁ» «ያ እጅ የሞግዚቷ ነው» እያሉ ጀመሩ። ክንፈንም ከበቡት። ክንፈ ግን በዚያን ቀን አንገቱን አላነቃነቀም። ሣር የተነጠፈበትን ቁልቁለት እያየ ነበር።

ይመናሹ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ነጩን ልብስ አውልቃ ጥቁር ለብሳ ወደ ደብሪቱ ደጅ መጣች። በዚያ የዱሮ ቀን እንደ ቆመች በር ላይ ቆመች።

ደብሪቱ መሬት ተቀምጣ፣ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አለች።

«ግቢ» አለቻት።

ገብታ ከፊቷ ተቀመጠች። ደብሪቱ ድንጋዩን ከምስሩ እየለየች መሬት ላይ መጣሏን ቀጠለች።

«ደብሪቱ፣ ጉሮሮዬን አልታመምኩም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አንቺ ስትታመሚ ድምፅሽ ይወፍራል እንጂ አይጠፋም። ሠላሳ ዓመት ሰምቼሻለሁ።»

ይመናሹ ራሷን ደፋች። «አሁን ላወርድለት ነው የመጣሁት። ሁሉንም ይዤዋለሁ። የኩፍኙን፣ የእንስራውን…»

«ለማን ታወርጂለታለሽ?» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻል ነበር። «ድንኳኑ ፈርሷል። ሰዉ ወደ ቤቱ ገብቷል። ልጄም አፈር ለብሷል። እንባዬም እንደ ሆነ አልቋል፤ ብቻዬን ጨረስኩት።»

ከዚያ ደብሪቱ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችው።

«የሠርጉን ዘፈን ግን አሰሚኝ። ያንቺን ድምፅ ለሠርጉ ቃል ገብቼለት ነበር። ደስ ብሎት ነበር፤ ለጓደኞቹ ሁሉ ነግሯል። የተረፈሽን አሰሚኝ።»

የተረፈሽን። እንደ ስድብ አይደለም ያለችው። እንደ ልመና ነው።

ይመናሹ እምቢ ልትል አልቻለችም። ጀመረች። በዘፈኑ መካከል ያለው ባዶ ቦታ መጣ። አምስት ስም ወጥቶለት አንድ እንኳ ያልገባበት፣ አንድ ወር ሙሉ የጠበቀችው ባዶ ቦታ። አሁን የሚገባበት ስም አንድ ብቻ ነበር።

እሰይ መጣልን፣ ወርቅነህ መጣልን፤
ጉም በከበበው ደጅ ፀሐይ ወጣልን።

ድምፅዋ አልሻከረም። አልተሰነጠቀም። በሕይወቷ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ግድግዳውን አልፎ ወጣ፣ ጓሮውን አልፎ ወጣ፤ ባሻ ዘርጋው በራፉ ላይ ሆኖ ሰምቶ ባርኔጣውን አወለቀ ይባላል። ስትጨርስ ደብሪቱ በሩን እያየች ነበር። ሰው እንደሚጠብቅ ሰው በሩን አየችው። ማንም አልገባም።

«ድምፅሽ ያምራል» አለቻት በመጨረሻ። «እሱ ግን አልሰማም።»

ሰፌዷንም መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ወገኖቼ፣ ይመናሹ ክፉ ሴት ነበረች? ማንንም ገደለች? የማንንም ወሰደች? ያላት ነገር አንድ ድምፅ ነበር፤ ያንን ለታላቅ ቀን ጠበቀችው። ጥፋቷ ይህ ብቻ ነው። ታላቁ ቀን የትኛው እንደ ሆነ ግን አላወቀችም። ታላቁ ቀን ጥር ሃያ መሰላት። ጥር ስምንት ነበር።

እናንተስ? ለየትኛው ቀን ነው የምትጠብቁት? ልጄ ሲመረቅ፣ ቤቴን ስጨርስ፣ ሹመቴ ሲደርስ፣ ያኔ እናቴን እጠይቃለሁ፣ ያኔ ከወንድሜ ጋር እታረቃለሁ፣ ያኔ ለባለቤቴ ደግ ቃል እናገራለሁ የምትሉ አላችሁ። ያ ቀን ምናልባት መጋረጃውን ዘግቶ በአጠገባችሁ ያልፍ ይሆናል። እናንተም አቧራውን ስታራግፉ የምትጠብቃችሁ ደብሪቱ ምስሯን ለቅማ ትጨርሳለች።

እኛም ንጉሥ እንጠብቃለን። ሙሽራውን እንጠብቃለን። ደግሞስ እንደዚያች ከተማ ሰዎች በግምት አልደከምንም? መቼ ይመጣል፣ በየት በኩል ይመጣል፣ ምልክቱ ይህ ነው ያ ነው እያልን ተጣልተን ውኃ መቅጃ አልተለያየንም? ከታዘዝነው በላይ ቆፍረን ሰው ላይ አልናድንም? የእኛ ንጉሥ ግን መጋረጃ ጋርዶ አያልፍም። አልቃሽ ወደ ጠፋበት ቤት ይገባል። ምስር ከምትለቅመው ሴት አጠገብ፣ መሬት ላይ ይቀመጣል። እርሱን ለማየት መንገድ ዳር የተሰለፈ ሁሉ ያመልጠዋል፤ ወደዚያች ቤት የገባ ግን ያገኘዋል።

ከዚህ ስትወጡ በአንድ ቤት ደጅ ታልፋላችሁ። ደጁን ታውቁታላችሁ፤ አሁን እንኳ በልባችሁ አይታችሁታል። በዚያ ቤት ሰዉ ጮኾ ዝም ብሏል። አንድ ሰው ዞሮ እናንተን እየጠበቀ ነው።

የሚሰማው ሳለ፣ ሻሹን ከአንገታችሁ ፍቱ።